ከጉዳት የሚያገግም ጉልበት ለምን ይንቀጠቀጣል?

ከላሊበላ ከተማ ወደ አሸተን ማርያም ገዳም የሚያወጣው የእግር መንገድ በዳገቱ ይታወቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ በ2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ገዳሟ ደግሞ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ገደላማ ሥፍራ ላይ ትገኛለች። መንገዱን የወጣ እንግዳ ሁሉ ዳገቱ ትንፋሹን እንደፈተነው ይናገራል። ጭንንና ጉልበትን የሚፈትነው ግን ቁልቁለቱ ነው። ገዳሟን ተሳልመው የሚመለሱ ተጓዦች ድንጋይ ከድንጋይ እየረገጡ ከወረዱ በኋላ ለዕረፍት ቆም ሲሉ የጭናቸው ጡንቻ ከፈቃዳቸው ውጪ ሲርገበገብ ያያሉ። ጥቂት አረፍ ሲሉ ይተዋቸዋል፤ ማታም ይሳሳቁበታል።

ይኸው መንቀጥቀጥ ጉልበቱን ተጎድቶ ለሳምንታት የተኛን ሰው ሲገጥመው ግን የሚያስቅ አይሆንም። ጀሶው ተፈቶለት ወይም ከቀዶ ሕክምና ተነሥቶ እግሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመኝታው ቀና ሊያደርግ ሲሞክር ጭኑ ይርዳል፤ ተረከዙ በአየር ላይ ይወዛወዛል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ጉዳቱ ያገረሸ ወይም ጅማት የተበጠሰ መስሏቸው እንቅስቃሴውን ያቋርጣሉ። ቤተሰብም «ይረፍ፣ አታድክሙት» ብሎ ያስተኛል። እንቅስቃሴው በተቋረጠ ቁጥር ጡንቻው ይበልጥ ይሟሽሻል፤ ጉልበቱም ይበልጥ ይከዳል። እርሻው፣ ገበያውና ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ በዳገትና በቁልቁለት በሚደረስበት በላስታ ምድር ደግሞ ጉልበቱ የከዳው ሰው ከቤቱ ደጃፍ ርቆ መሄድ አይቻለውም።

አማርኛ የዚህን አካል ክብደት በስሙ አስቀምጦታል። ጉልበት የመገጣጠሚያው ስም ነው፤ ኃይልም፣ የሥራ አቅምም ጉልበት ይባላል። በግዕዝ ጉልበት «ብርክ» ይባላል። ፈርቶ ወይም ደክሞ የሚንቀጠቀጥን ሰው «ብርክ ያዘው»፣ «ጉልበቱ ተብረከረከ» የምንለው ከዚሁ ቃል ጋር በተዛመደ አነጋገር ነው። ቀደምት ሰዎች መንቀጥቀጥ ከሁሉ በፊት በጉልበት ላይ እንደሚታይ አስተውለው ነበር ማለት ይቻላል።

ጉልበት የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው። ሁለቱ አጥንቶች እንደ ዳሌው አንዱ በሌላው ውስጥ ጠልቀው የተቀመጡ አይደሉም፤ አንዱ በሌላው ላይ ያረፈ በመሆኑ ጸንተው የሚቆሙት በጅማቶችና በጡንቻዎች ኃይል ነው። ከፊት ለፊት ያለው ትልቁ የጭን ጡንቻ አራት ክፍሎች አሉት። አራቱም በአንድ ጅማት ተጠቃልለው የጉልበት ሎሚ የሚባለውን ክብ አጥንት ይዘው ወደ ቅልጥም ይወርዳሉ። እግርን የሚዘረጋው፣ ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሳው፣ ቁልቁለት ሲወረድም እንደ ፍሬን ሆኖ የሚይዘው ይኸው ጡንቻ ነው። ደረጃ በሚወረድበት ጊዜ በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነት ክብደት ሦስት እጥፍ በላይ ይደርሳል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከ180 ኪሎ ግራም ክብደት የሚበልጥ ጫና በአንድ ጉልበቱ ይቀበላል ማለት ነው።

ይህ ጡንቻ የሚንቀሳቀሰው በአንድ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ አይደለም። በኅብለ ሰረሰር ውስጥ በወገብ አካባቢ የሚገኙ የነርቭ ሕዋሳት እያንዳንዳቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ የጡንቻ ክሮችን ያዝዛሉ። አንድ ሕዋስ ትእዛዝ ሲልክ የርሱ ክሮች ለቅጽበት ተኮማትረው ይለቃሉ። ይህ አንድ ንቅናቄ ብቻውን ቢታይ ከድንገተኛ ብልጭታ የሚቆጠር ነው። እግሩ በዝግታና በጸጥታ ሲዘረጋ የምናየው ብዙ ሕዋሳት ትእዛዛቸውን እየተፈራረቁ ስለሚልኩና የአንዱ ክሮች ሲለቁ የሌላው ስለሚይዙ ነው።

ነገሩ በአውድማ ላይ እህል በዱላ እንደሚወቁ ሰዎች ነው። አሥር ሰው ተራ በተራ ሲመታ ድምፁ ሳይቋረጥ ይንዶሸዶሻል። ሦስት ሰው ብቻ ቀርቶ፣ እነርሱም ደክመው በአንድ ጊዜ ማንሳትና በአንድ ጊዜ መጣል ቢጀምሩ ግን እያንዳንዱ ምት ለብቻው ይሰማል፤ በምትና በምት መካከልም ባዶ ጊዜ ይኖራል። የሚንቀጠቀጥ ጡንቻ በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ጡንቻ ነው። ሠራተኞቹ አንሰዋል፣ ደክመዋል፣ መፈራረቁንም ረስተዋል።

ጤናማ ሰውም ቢሆን ፈጽሞ ጸጥ ያለ ጡንቻ የለውም። ክንዱን ዘርግቶ በጣቶቹ ላይ ወረቀት ያስቀመጠ ሰው የወረቀቱ ጠርዝ ሲርገበገብ ያያል። ይህ ተፈጥሯዊ መንቀጥቀጥ በአብዛኛው በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚደርስ ሲሆን፣ በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ስለማይታይ ማንም ልብ አይለውም። ጡንቻ ሲዳከም ወይም ሲደክም ይጎላል።

ለመጉላቱ አንዱ ምክንያት ነርቭ ራሱ ጡንቻውን የሚጠብቅበት መንገድ ነው። በጡንቻ ውስጥ ርዝመቱን የሚለኩ ጥቃቅን የስሜት ሕዋሳት አሉ። ጡንቻው ሳይታሰብ ሲለጠጥ ወዲያውኑ ወደ ኅብለ ሰረሰር መልእክት ይልካሉ፤ «ሰብሰብ በል» የሚለው መልስም ከሰከንድ አንድ ሃያኛ ባነሰ ጊዜ ይመለሳል። ሐኪም በመዶሻ ከጉልበት ሎሚ በታች መታ ሲያደርግ እግሩ የሚፈናጠረው በዚህ መንገድ ነው። የደከመ ጡንቻ እግሩን ከፍ አድርጎ መያዝ ሲያቅተው እግሩ በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ መልእክቱ ይሄዳል፤ ጡንቻው ይሰበሰባል፤ እግሩም ከሚገባው በላይ ከፍ ይላል፤ ተመልሶም ዝቅ ይላል። ይህ ውጣ ውረድ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ሲፈጸም ነው ዓይን መንቀጥቀጥ ብሎ የሚያየው።

ከጉዳት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ብዙ ሰው የማያውቀውም ይህንን ነው። ጉልበት ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም የመገጣጠሚያው ከረጢት ይለጠጣል። ከዚያ የሚነሣው የነርቭ መልእክት በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የጭን ጡንቻን የሚያዝዙትን ሕዋሳት ይገታል። ሰውየው በሙሉ ፈቃዱ እግሩን ሊዘረጋ ቢጥርም ትእዛዙ በከፊል መንገድ ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች በጤናማ ጉልበት ውስጥ ጨዋማ ፈሳሽ ጥቂት በጥቂት በመጨመር ሁኔታውን ፈትሸዋል። ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ሲገባ በጭን ውስጠኛ ጎን ያለው የጡንቻው ክፍል መታገት ጀመረ፤ ሌሎቹን ክፍሎች ለማገት ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር አስፈልጓል። የመጀመሪያው መጠን የቡና ሲኒ አጋማሽ የሚያህል ነው። ሕመም ባይኖር እንኳ እብጠት ብቻውን ጡንቻን የማሰናከል ኃይል እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በጉልበት ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም በዓለም አንደኛ የተባለን ሯጭ እንኳ ያቆማል። አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም በተካሄደው የኒውዮርክ ማራቶን ላይ ከ25 ኪሎ ሜትር በኋላ ውድድሩን ያቋረጠው በጉልበቱ ሳቢያ ነበር። በዋዜማው የተደረገለት የኤምአርአይ ምርመራ በጉልበቱ ውስጥ ፈሳሽ መኖሩንና ጅማቱም መቆጣቱን አሳይቶ ነበር። በዕለቱ ሩጫ ማቆሙን በስሜት ቢናገርም ከቀናት በኋላ ሐሳቡን ለውጧል፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ደግሞ በቪየና የግማሽ ማራቶን አሸንፏል። ጉልበቱ ያን ዕለት መንቀጥቀጡ አልተነገረም። ሆኖም ፈሳሽ ያዘለ ጉልበት በፈቃድ ብርታት ብቻ እንደማይገፋ፣ እንዲሁም ሁኔታው የመጨረሻ ፍርድ እንዳልሆነ ታሪኩ ያመለክታል።

የተጎዳ ጉልበት የሚያጣው ኃይልን ብቻም አይደለም። ጅማቶቹ አጥንትን ከአጥንት ከማሰር በተጨማሪ ጉልበቱ ምን ያህል እንደታጠፈና ወዴት እንደዞረ ለአንጎል የሚያሳውቁ የስሜት ነርቮች አሏቸው። በላሊበላ ይህን ስሜት የሚፈትን ሥፍራ አለ። በደቡብ ምሥራቁ ምድብ በሚገኙት አብያተ ክርስቲያናት መካከል፣ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በኩል የሚያልፈው መሿለኪያ ፍጹም ጨለማ ነው። በርሱ የሚያልፍ ሰው ዓይኑ ስለማያገለግለው ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ወለሉን በእግሩ ይለካል፤ ሚዛኑን የሚጠብቀው በውስጥ እግሩ፣ በቁርጭምጭሚቱና በጉልበቱ ስሜት ነው። የፊተኛው የጉልበት ጅማቱ የተበጠሰ ሰው ከዚህ ስሜት የተወሰነውን ያጣል። በብርሃን በዓይኑ ይተካዋል፤ በጨለማ ግን ጡንቻዎቹ የጉልበቱን አቀማመጥ በትክክል ስለማይነገራቸው የፊቱና የኋላው ጡንቻ በአንድ ጊዜ ይወጠራሉ፣ እርስ በርስም ይጓተታሉ። ይህም ራሱን የቻለ የመንቀጥቀጥ ምክንያት ነው።

ቁልቁለት ከዳገት ይልቅ ጭንን የሚያንቀጠቅጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ዳገት ሲወጣ ጡንቻው እያጠረ ይጎትታል። ቁልቁለት ሲወረድ ግን ከገደል አፋፍ ጭነት በገመድ እንደሚያወርድ ሰው፣ እየተለጠጠ ነው የሚይዘው። በዚህ ጊዜ ለአንድ ዓይነት ኃይል የሚሰማሩት ክሮች ያነሱ ስለሆኑ በእያንዳንዱ ክር ላይ የሚያርፈው ውጥረት ይበዛል፤ ጥቃቅን ጉዳትም ይደርስባቸዋል። ሕመሙ በዕለቱ ሳይሆን በማግስቱና በሠልስቱ የሚብሰው ለዚህ ነው። በስቅለት ዕለት ሲሰግዱ የዋሉ ምእመናን በማግስቱ ከወንበር ለመቀመጥ የሚቸገሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ጡንቻው ካገገመ በኋላ ግን ያንኑ ሥራ በቀላሉ ይቋቋማል። የላስታ ነዋሪ እንግዳውን የሚያርደውን ቁልቁለት ሸክም ይዞ ያለ ችግር የሚወርደው ከልጅነቱ ጀምሮ ጡንቻው ይህን ስለተማረ ነው።

መንቀጥቀጡን የሚያባብሱ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ባዶ ሆድና የውኃ ጥም ይገኙበታል፤ በጾም ወራት የማገገሚያ እንቅስቃሴ የሚሠራ ሰው ሰዓቱን ከምግብ በኋላ ቢያደርገው ይመረጣል። ብርድና እንቅልፍ ማጣትም እንዲሁ ናቸው። ቡናም መንቀጥቀጥን በመጠኑ ይጨምራል፤ ይህን መስማት በወሎ ለማንም ደስ እንደማይል የታወቀ ቢሆንም። ከቆላና ከባሕር ዳርቻ አገሮች ለሚመጣ እንግዳ ደግሞ የአየሩ ግፊት በላሊበላ ከፍታ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ ጡንቻው ቶሎ ይደክማል።

መንቀጥቀጡ የሚጠፋው በመሥራት ነው። ከዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ሰው ጡንቻ የማጠናከር እንቅስቃሴ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት የሚያገኘው ብርታት በአብዛኛው ከጡንቻው መወፈር የሚመጣ አይደለም። የሚቀድመው ነርቭ ነው፤ ብዙ ሕዋሳትን መጥራትና በተገቢው ፍጥነት ማዘዝ ይማራል። የጡንቻው መወፈር ከዚያ በኋላ ይከተላል። ስለዚህ በመስፈሪያ ሲለካ ጭኑ እንደ ቀጠነ ያለ ሰው ሦስት ሳምንት ሳይሞላው እግሩን ሳያንቀጠቅጥ ቀጥ አድርጎ መያዝ ቢጀምር ሊገርመው አይገባም። በአንጻሩ ጭኔ አልወፈረም ብሎ በዚህ ጊዜ ማቋረጥ ትልቁ ሥራ እየተሠራ ሳለ መተው ይሆናል።

እንቅስቃሴው የተለየ መሣሪያ አይፈልግም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ከሚያስጀምሩት ዋነኛው፣ እግርን ዘርግቶ ተቀምጦ የተጠቀለለ ፎጣ ወይም ነጠላ ከጉልበት ሥር አድርጎ ጉልበቱን ወደ ታች መጫንና እስከ አምስት እየቆጠሩ መያዝ ነው። ቀጥሎ ጉልበቱን ሳያጥፉ እግሩን ከመኝታ አንድ ስንዝር ያህል ማንሳት ይመጣል። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ከፍ ካለ መደብ ላይ እጅ ሳይደገፉ መነሣትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፣ ሲጠነክርም ከዝቅተኛ መደብ፤ በኋላም በአንዲት ዝቅተኛ ድንጋይ ላይ መውጣትና መውረድ። ለሚዛን ደግሞ ግድግዳ አጠገብ ሆኖ በአንድ እግር መቆም፣ ሲለምድም ዓይን ጨፍኖ መሞከር፤ ይህ የጨለማው መሿለኪያ ልምምድ ነው ሊባል ይችላል። በቀዶ ሕክምና የታከመ ሰው የትኛውን መቼ መጀመር እንዳለበት የሚወስነው ሐኪሙ ስለሆነ ከተሰጠው ገደብ ማለፍ የለበትም።

ጭኑ ከተወሰኑ ድግግሞሾች በኋላ መንቀጥቀጥ ቢጀምርና በጥቂት ደቂቃ ዕረፍት ቢተው፣ ጡንቻው በአቅሙ ጫፍ ላይ እየሠራ መሆኑን ያሳያል፤ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ከመጀመሪያው ድግግሞሽ ጀምሮ የሚንቀጠቀጥና እግሩን ከመስመር የሚያወጣው ከሆነ ሥራው ከብዷልና መቀነስ ይገባል። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን የማግስቱ ጠዋት ጉልበት ነው። አብጦ ወይም ሞቆ ካደረ የትናንቱ ሥራ በዝቷል፤ እብጠቱ ራሱ ጡንቻውን ስለሚያግት በላዩ ላይ መጨመር ወደ ኋላ ይመልሳል። ከትናንቱ ካልተለየ ግን ያንኑ መድገም፣ ከቀናት በኋላም በጥቂቱ መጨመር ይቻላል።

ከዚህ ውጪ የሆኑ መንቀጥቀጦችም አሉ። ምንም ሳይሠሩ ተቀምጠው ሳለ እጅ ወይም እግር ቢንቀጠቀጥ፣ ከልብ መምታት፣ ከመክሳትና ከአንገት እብጠት ጋር ቢመጣ ምክንያቱ ጉልበት አይደለም፤ ምርመራ ያስፈልገዋል። ጉልበቱ ሳይታሰብ እጥፍ እያለ የሚጥል፣ ተቆልፎ አልዘረጋም የሚል፣ ወይም ከትኩሳት ጋር የቀላ ከሆነም እንዲሁ። ለሳምንታት ታስሮ የቆየ እግር ባቱ ላይ አብጦ የሚያም፣ ትንፋሽም የሚያጥር ከሆነ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ለነገ ሊባል አይገባም።

በገጠሩ አካባቢ ለተጎዳ ጉልበት በመጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወጌሻ በቅርብ ያለ፣ የሚታመንና በቀላሉ የሚገኝ በመሆኑ ይህ የሚያስወቅስ አይደለም። ሆኖም ያበጠን ጉልበት አጥብቆ ማሸት እብጠቱን ሊያብስ ይችላል። ደም እስኪያቋርጥ የጠበቀ እስራትም እግርን እስከማሳጣት የሚደርስ ጉዳት ያስከትላል። ጣቶቹ የደነዘዙ፣ የጠቆሩ ወይም የቀዘቀዙበት ሰው እስራቱን ወዲያውኑ አስፈትቶ ወደ ላሊበላ ሆስፒታል መሄድ ይኖርበታል። የረዥም ጊዜ ማገገሚያ ለሚያስፈልገው በደሴ የአካል ጉዳተኞች ማገገሚያ ማዕከል አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ለአብዛኛው የላስታ ነዋሪ ግን በየቀኑ መመላለስ ስለማይቻል፣ የማገገሚያው ትልቁ ክፍል የሚከናወነው በራሱ ቤት፣ በራሱ መደብ ላይ ነው።

ከመደብ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ቁልቁለት በሚወጣበት ጊዜ ዱላ ይጠቅማል። ካህናት ሌሊቱን በማሕሌት ሲቆሙ የሚደገፉበት መቋሚያ ከሰውነት ክብደት የተወሰነውን ከእግር ላይ እንደሚያነሣ ሁሉ፣ ዱላም ለሚንቀጠቀጥ ጭን ፋታ ይሰጣል። ብዙዎች ዱላውን በታመመው እግር በኩል ይይዙታል፤ ትክክለኛው አያያዝ ግን በጤነኛው እግር በኩል ሆኖ ዱላውና የታመመው እግር አብረው እንዲያርፉ ማድረግ ነው። በደረጃና በድንጋያማ መንገድ ላይ ሲወጡ የሚቀድመው ጤነኛው እግር ነው፤ ሲወርዱ ዱላውና የታመመው እግር ይቀድማሉ፤ ጤነኛው ከላይ ሆኖ ክብደቱን እየያዘ ያወርዳል።